የሆት ሮድ ትዝታ፦ በ80ዎቹና በ90ዎቹ (በፈረንጆቹ) አሜሪካ የነበራችሁ፣ የት የት ትሄዱ ነበር?

የፌርፋክስ ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ስለ ቮልስ፣ ስለ ሴይቼንቶ፣ ስለ ፔጆ 404 እዚህ ብዙ ተጫውተናል። ስለ ሆት ሮድ (ለፍጥነት ተብሎ ስለተሻሻለው አሮጌ መኪና) ግን እስካሁን ማንም ክር አልከፈተም። ያኔ አሜሪካ የነበራችሁ፣ በተለይ ካሊፎርኒያ፣ እባካችሁ ያያችሁትን ጻፉ። እኔ ልጀምር።

ሎስ አንጀለስ እንደገባሁ ማታ ማታ መኪና ማቆሚያ ውስጥ እሠራለሁ፣ ቀን እማራለሁ። አብሮኝ የሚሠራው የሜክሲኮ ልጅ የመኪና ፍቅር የያዘው ነበርና በሰኔ፣ የአባቶች ቀን ሲደርስ፣ ፖሞና ይዞኝ ሄደ። የኤል ኤ ሮድስተርስ ክለብ ትርዒት ነው፤ ክለቡ ከ1957 ጀምሮ ያለ ነው። ጣሪያ የሌላቸው የ1932 ፎርዶች ረድፍ ይዘው ቆመዋል። ፓራፋንጎ የላቸውም፣ ፓራውልት የላቸውም። ኮፈኑ ወልቆ፣ ፎጣ ተነጥፎለት፣ መሬት ላይ ተጋድሟል። ሞተሩ ራቁቱን ፀሐይ ላይ ያበራል።

እኔን የያዘኝ ግን ከመኪናው ይልቅ ባለቤቱ ነው። በየመኪናው አጠገብ አንድ ሽማግሌ ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አንዱ ዘንድ ጎንበስ ብዬ ሞተሩን ሳይ ብድግ ብሎ መጣ። ሊቆጣኝ መስሎኝ ፈቀቅ ስል፣ ከመሣሪያ ሣጥኑ ክንድ የምታህል የጎማ ቱቦ አወጣ። አንዱን ጫፍ ጆሮው ላይ፣ ሌላውን ካርብራተሩ አፍ ላይ አድርጎ አዳመጠ። ከዚያ ቱቦዋን ለእኔ ሰጠኝ። ሞተሩ ሁለት ስትሮምበርግ 97 ካርብራተር አለው። የአንደኛው አየር ሲሳብ ወፈር ያለ ሽሽሽታ ይሰማል፣ የሁለተኛው ቀጠን ይላል። በካቻቢቴ አንዷን ቪቴ ሩብ ዙር እንኳ በማይሞላ ነካ አደረጋትና የሁለቱ ድምፅ እኩል ሆነ። “አሁንስ?” አለኝ። እኔም ሰምቼዋለሁ። ከየት እንደመጣሁ ሳይጠይቀኝ፣ እንግሊዝኛዬ ገና መሆኑን ከቁም ነገር ሳይቆጥር፣ እስከ ማታ ሲያሳየኝ ዋለ።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ሄድኩ። ያንን ዘመን የምወደው ለዚህ ነው፦ ሰዎቹ መኪናውን በእጃቸው ስለሠሩት፣ ቆሞ ለሚያይ ሰው ሁሉ እያንዳንዷን ቡሎን የሚያስረዱበት ጊዜና ፍላጎት ነበራቸው። አገር ለአገር ለተንከራተተ ልጅ እንዲህ ያለ አቀባበል ትልቅ ነገር ነው። እናንተስ?

የዳላሷ

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ጥያቄ አለኝ። አባቴ ማንኛውንም አሮጌ መኪና “ሆት ሮድ” ነው የሚለው። ከክላሲክና ከሎው ራይደር በምን ይለያል? ሁሉም ሰው ስለ 1932 ፎርድ የሚያወራውስ ለምንድን ነው?

የፌርፋክስ ልጅ

እሰይ ልጄ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ክላሲክ የሚባለውን ባለቤቱ ከፋብሪካ እንደወጣ ለማቆየት ነው የሚደክምበት። ሎው ራይደር ዝቅ ብሎ፣ በዝግታ፣ በጌጥ የሚሄድ ነው፤ በሎስ አንጀለስና በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ የሚኖሩ የሜክሲኮ ዘር ያላቸው አሜሪካውያን ጥበብ። የሆት ሮድ መነሻው ግን ፍጥነት ነው። ከሎስ አንጀለስ በስተሰሜን ሙሮክና ኤል ሚራዥ የሚባሉ የደረቁ ሐይቆች አሉ፤ መሬታቸው ጠንካራና ሜዳ ነው። በ30ዎቹ ወጣቶች አሮጌ ፎርዳቸውን እዚያ ድረስ ነድተው ይሄዱና ፓራፋንጎውን፣ መስታወቱን፣ ፋኖሱን ሁሉ ፈትተው፣ ክብደት ቀንሰው ይሽቀዳደማሉ። ማታ መልሰው ገጥመው ወደ ቤት። ነገሩን ሥርዓት ለማስያዝ በ1937 ኤስ ሲ ቲ ኤ የሚባለው የደቡብ ካሊፎርኒያ የፍጥነት መለኪያ ማኅበር ተቋቋመ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያልቅ ከግንባር የተመለሱት ወጣቶች በአውሮፕላንና በታንክ ላይ የተማሩትን ሙያ ይዘው ወደዚሁ ገቡ። ሮበርት ፒተርሰን ሆት ሮድ መጽሔትን በጥር 1948 አወጣ። በ1949 ዩታ ቦንቪል የጨው ሜዳ ላይ የመጀመሪያው የፍጥነት ሳምንት ተካሄደ። በ1951 ደግሞ የመጽሔቱ አዘጋጅ የነበረው ዋሊ ፓርክስ ልጆቹን ከመንገድ ላይ እሽቅድምድም ለማውጣት ኤን ኤች አር ኤን፣ ብሔራዊውን የሆት ሮድ ማኅበር፣ አቋቋመ።

ወደ 1932 ስንመጣ፣ ሄንሪ ፎርድ በዚያ ዓመት ቪ8 ሞተር ተራ ሰው በሚችለው ዋጋ አወጣ። 221 ኪዩቢክ ኢንች፣ 65 የፈረስ ጉልበት፤ ሮድስተሩ፣ ጣሪያ አልባው ማለት ነው፣ ከ500 ዶላር በታች ይሸጥ ነበር። ስምንት ሲሊንደር እስከዚያ በአብዛኛው የባለጸጋ መኪና ነው። አሥር አሥራ አምስት ዓመት ቆይቶ ይኸው መኪና አሮጌ ዕቃ ሆኖ በርካሽ ሲሸጥ፣ የነዳጅ ማደያ ሠራተኛ ሳይቀር መግዛት ቻለ። መልኩም አለ። የ1932ቱ ሻንሲ በጎን በኩል ሳይሸፈን ይታያል፤ እሱ ራሱ የመኪናው ቅርፅ አካል ነው። ፓራፋንጎውን ስታነሺለት አያስጠላም፣ እንዲያውም ያምርበታል።

ባትላሜራው

የፌርፋክስ ልጅ ስለ ሞተሩ ነግሯችኋል፤ እኔ ስለ ላሜራው ላውራ። ሙያዬ ነው፤ አዲስ አበባ ተክለሃይማኖት አካባቢ ጋራዥ ውስጥ በልጅነቴ ጀምሬ፣ በኋላ ሳን ፈርናንዶ ቫሊ ውስጥ ቦዲ ሾፕ ተቀጠርኩ።

መጀመሪያ ጣሪያው የወረደ የ1950 መርኩሪ ያየሁት እዚያ ነው። ጣሪያ ማውረድ ስትሉት ቀላል ይመስላል፤ ቋሚዎቹን ቆርጦ ማሳጠር ነው እንዴ ትላላችሁ። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ቋሚዎቹ ወደ ውስጥ ያጋደሉ ናቸው። አሥር ሳንቲ ሜትር ቆርጣችሁ ጣሪያውን ስታወርዱት፣ የላይኛው ጫፍ ከታችኛው ጋር አይገጥምም፤ ጣሪያው ለመኪናው ያጥራል። ስለዚህ ጣሪያው ራሱ ይቆረጥና መሐሉ ላይ አዲስ ላሜራ ይጨመርበታል፣ ወይም ቋሚዎቹ ይበልጥ እንዲጋደሉ ይደረጋል። የኋላው መስታወት ተጋድሞ ይገባል፣ የጎኖቹ መስታወቶች ተለክተው ይቆረጣሉ። ይህን ሁሉ አድርጎ መስመሩ ከፊት እስከ ኋላ ሳይሰበር የሚፈስ ከሆነ፣ ሠሪው ባለሙያ ነው።

ስፌቱን የሚሸፍኑት በእርሳስ ነበር። ስቱኮ ያኔ የሰነፍ ሥራ ነው የሚሉ ሽማግሌዎች ነበሩ። ብረቱ ይጸዳል፣ በቀለጠ ቆርቆሮ (ቲን) በስሱ ይለበጣል፣ እርሳሱ በእሳት ነበልባል እስኪለሰልስ ይሞቃል፣ ከዚያ ስብ በተቀባ የእንጨት መዳፍ ተገፍቶ ይስተካከላል። ነበልባሉ ትንሽ ከበዛ እርሳሱ ፈሶ መሬት ይገባል፣ ካነሰ አይያዝም። አንድ ሽማግሌ ይህን ሲሠራ ቆሜ አይቻለሁ፤ ነበልባሉን ያቀርባል፣ ያርቃል፣ ያቀርባል፣ ዓይኑ ከእርሳሱ አይነሳም። በትርዒቶቹ ላይ ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለው የሚዞሩ ሰዎች ነበሩ፤ በሩ ላይ ያስጠጓታል። ካልያዘች ከቀለሙ ሥር ያለው ወፍራም ስቱኮ ወይም እርሳስ ነው ማለት ነው። ባለቤቱ ሳይፈቅድ እንዲህ ማድረግ ግን ነውር ነበር፤ የሚያደርጉትን አልወድም።

የአውቶቡስ መካኒክ

እኔ ኦክላንድ ነበርኩ። የሰሜን ካሊፎርኒያ ሰዎች እንዳትረሱ፣ ትልቁ የቤት ውስጥ ትርዒት ከእኛ ነው የተነሳው። የኦክላንድ ሮድስተር ሾው በ1950 ተጀመረ። “የአሜሪካ እጅግ ውብ ሮድስተር” የሚባለው ሽልማት የዚያ ትርዒት ነው፤ ዋንጫው ከሰው ቁመት ይበልጣል። የመጀመሪያው ዓመት አሸናፊ ቢል ኒካምፕ ነው፣ በ1929 ሞዴል ኤ ፎርድ። ትርዒቱ በ2004 ወደ ፖሞና መሄዱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ለኛ ከተማ ሰው ትልቅ ነገር ነበር።

በጋ ላይ ደግሞ ፕሌዘንተን አለ፣ ነሐሴ ውስጥ። ጉድጋይስ የሚባለው ማኅበር፣ ጌሪ ሜዶርስ በ1983 የመሠረተው፣ አላሜዳ ካውንቲ ኤግዚቢሽን ሜዳ ላይ ያዘጋጃል። ጥላ ያለው ነው፤ ትላልቅ ዛፎች ሥር መኪናው ይቆማል፣ ሰው በእግሩ ይዞራል።

እዚያ አንድ ያስደነቀኝ ነገር ልንገራችሁ። ሥራዬ የከተማ አውቶቡስ ጥገና ነበር፣ ዲትሮይት ዲዝል ሞተር። አንድ ሆት ሮድ ላይ ከሞተሩ አናት ላይ የተቀመጠውን ትልቅ የአሉሚኒየም ብሎወር ሳይ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። በየቀኑ የምፈታው ዓይነት ዕቃ ነው! ስሙ 6-71 ነው። ስድስት ሲሊንደር፣ እያንዳንዱ 71 ኪዩቢክ ኢንች ከሆነው የጂ ኤም ዲዝል የተወሰደ። ያ ዲዝል ባለ ሁለት ምት ስለሆነ ያለ ብሎወር አይሠራም፤ አየሩን የሚገፋለት እሱ ነው። የድሮዎቹ ሰዎች ከተጣለ ካሚዮንና አውቶቡስ ላይ እየፈቱ፣ በቀበቶ አስነስተው፣ ቤንዚን ሞተር ላይ ጫኑት። ለባለቤቱ የብሎወሩን ሮተር (በውስጡ የሚሽከረከረውን ክፍል) ክፍተት ፊለር ጌጅ በሚባሉ ስስ የብረት ቅጠሎች እንዴት እንደምንለካ ስነግረው ወንበር አቀረበልኝ፣ ጓደኞቹንም ጠራቸው። የእኔ ሙያ እዚያ ሜዳ ላይ ዋጋ ነበረው።

የፌርፋክስ ልጅ

ወንድሜ፣ ይህን ስላነሳህ ደስ አለኝ። ፖሞና ውስጥም እሁድ እሁድ የዕቃ ገበያ ነበር፣ ዓመት ሙሉ በተወሰነ ጊዜ የሚደረግ። ገና ሳይነጋ፣ በባትሪ መብራት ነው ሰው የሚገባው። ሻጩ ሸራ ዘርግቶ ቴስታታ፣ ዲናሞ፣ የፍሬን ከበሮ፣ ዝገት የበላው ቸርኬ ደርድሯል፤ ሶማሌ ተራን በጨለማ አስቡት። የሚፈልጉትን የሚያውቁት ሰዎች ጎህ ሳይቀድ ገዝተው ይጨርሳሉ። ፀሐይ ወጥታ ስንደርስ የምናገኘው የተረፈውን ነው።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት

እንደምን ዋላችሁ ልጆች። የካሊፎርኒያ ሰዎች ብቻችሁን አታውሩ፤ እኛም በምሥራቁ በኩል ነበረን።

ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ሰኔ መጀመሪያ ላይ ፔንስልቬንያ፣ ዮርክ ይወስደን ነበር። ኤን ኤስ አር ኤ የሚባለው የመንገድ ሆት ሮድ ባለቤቶች ማኅበር የምሥራቁን ስብሰባ እዚያ ነው የሚያደርገው። ያኔ የሚገባው 1948 እና ከዚያ በፊት የተሠራ መኪና ብቻ ነበር። ሜዳው ውስጥ ያለውን እናንተ ነግራችሁናል። እኔ የምናፍቀው ማታውን ነው። መኪኖቹ ከሜዳው ይወጡና በከተማው ጎዳና ይመላለሳሉ። የከተማው ሰው ከነቤተሰቡ ከደጁ ፊት ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል፤ አያቶች፣ ሕፃናት፣ ሁሉም። እኛም የእግረኛ መንገዱ ዳር ወንበራችንን ዘርግተን እንቀመጣለን። መኪና ሲያልፍ ልጆቼ እጃቸውን ያውለበልባሉ፣ ነጂው ጥሩምባውን ይነፋላቸዋል።

አንዳንድ ዓመት የሰኔ ጾም ገብቶ ይገጥመን ነበር። ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ በሚጥሚጣ የተለወሰ ድንች ይዤ እሄዳለሁ። አጠገባችን የተቀመጡ አንዲት የዮርክ ባልቴት ቆሎውን ቀምሰው ወደዱት፤ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ቦታ ወንበር ይዘውልን ጠበቁን። ስማቸውን አልጽፍም፤ አሁን በሕይወት የሉም። ልጆቼ እሳቸውን አያታችን ነበር የሚሉት።

ባለቤቴ ደግሞ በመንገድ ላይ የሚያወራልን ስለ ማልኮልም ደራም ነበር። በ60ዎቹ በዋሽንግተን አካባቢ በሸቭሮሌ መኪኖቹ በድራግ (ቀጥ ባለ አጭር መንገድ ላይ በሚደረግ የፍጥነት) ውድድር ስም ያወጣ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። “እዚህ አገር መኪና የእኛም ታሪክ አለበት” ይላቸው ነበር ልጆቹን።

ሚኒሶታ

ሴንት ፖል! ባክ ቱ ዘ ፊፍቲስ የሚባለው የመኪና ትርዒት! ሰኔ ላይ፣ የክፍለ ግዛቱ ዓውደ ርዕይ ሜዳ። ከ1974 ጀምሮ አለ፣ 1964 እና ከዚያ በፊት የተሠራ መኪና ብቻ ነው የሚገባው፣ ከ10,000 በላይ መኪና ይመጣል። ክረምቱን ስድስት ወር በበረዶ ተዘግቶብን ከርመን፣ ያን ሁሉ ቀለም በአንድ ቀን ስናይ የሚሰማን ሌላ ነው። ጋራዡ ውስጥ ክረምቱን ሙሉ ሲሠራ የከረመ ሁሉ በዚያ ቀን ነው የሚያወጣው።

የዲትሮይት ሰው

እኔ ዉድዋርድ ጎዳናን ነው የማስታውሰው። በ1995 የመጀመሪያው ድሪም ክሩዝ፣ የድሮ መኪኖች በጎዳናው የሚመላለሱበት በዓል፣ ሲደረግ ነበርኩ። ኔልሰን ሃውስ የሚባል ቧንቧ ሠራተኛ ፈርንዴል ውስጥ ለልጆች የእግር ኳስ ሜዳ ገንዘብ ለማሰባሰብ ያሰበው ነገር ነው። ከታሰበው በላይ እጅግ ብዙ ሰው መጣ፤ ከፈርንዴል እስከ ፖንቲያክ መንገዱ ሞላ። ለኳስ ሜዳ ብሎ የተነሳ ሰው ለከተማው ይህን ጥሎ ሄደ።

ዝም ያልኩ

ሁላችሁም መልካም መልካሙን ነው የጻፋችሁት። የኔን ልንገራችሁ። በ90ዎቹ መጀመሪያ ደቡብ ውስጥ አንድ ትርዒት ላይ ልጄን ይዤ ሄድኩ። መግቢያው አካባቢ መኪናው ላይ የኮንፌደሬት ባንዲራ (ባርነትን ለማቆየት የተዋጉትን የደቡብ ግዛቶች ባንዲራ) ዘርግቶ የቆመ ነበር፤ አንድ ብቻም አልነበረም። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ ግን ማንም አላናገረኝም። ልጄ “አባዬ፣ ለምን ያዩናል?” ሲለኝ ይዤው ወጣሁ። ስለዚህ ስለ ጎማ ቱቦውና ስለ ቆሎው ሳነብ ደስ ይለኛል፣ ግን የሁሉም ሰው ትዝታ እንዲህ እንዳልሆነ ይታወቅ።

የፌርፋክስ ልጅ

ወንድሜ፣ ጻፍክልን፣ አመሰግንሃለሁ። መጻፍ የነበረበት ነው። ልጅህ የጠየቀህን ጥያቄ ማንም አባት ሊሰማው አይገባም። በኔም በኩል እያየ የሚያልፈኝ፣ ስጠጋ ጀርባውን የሚሰጠኝ ሰው አጋጥሞኛል። ሁሉም ሜዳ አንድ ዓይነት አልነበረም፤ እኔ የወደድኩት የሰዎቹን ሥራ ስለሆነ በደጉ በኩል አብዝቼ ጻፍኩ።

ይህን ካነሳን ግን ስለ ቢግ ዊሊ ሮቢንሰን ሳልናገር አላልፍም። ከቬትናም የተመለሰ፣ ቁመቱ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ግዙፍ ጥቁር ሰው ነበር። በ1965 ዋትስ በሚባለው የሎስ አንጀለስ ሰፈር ውስጥ ረብሻ ከተነሳ በኋላ፣ ነጩን፣ ጥቁሩን፣ ሜክሲኮውን፣ እስያውን በመኪና እሽቅድምድም አንድ ላይ ማምጣት ይቻላል ብሎ የጎዳና ተወዳዳሪዎችን ወንድማማች ማኅበር መሠረተ። በ70ዎቹ ወደቡ አጠገብ፣ ተርሚናል ደሴት ላይ፣ ሕጋዊ የውድድር ቦታ አገኘ፤ ከንቲባ ቶም ብራድሊም ይደግፈው ነበር። ቦታው እየተዘጋ እየተከፈተ እስከ 90ዎቹ አጋማሽ ቆየ። እኔ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደርሼበታለሁ። ያለህን መኪና ይዘህ ትመጣለህ፣ ማን እንደሆንክ የሚጠይቅህ የለም፤ እሱ ራሱ ሸሚዙ ደረቱ ላይ ተወጥሮ መግቢያው ላይ ቆሞ እጅህን ይጨብጥሃል። ሌላ ጊዜ ጠላት የሆኑ የሰፈር ቡድን ልጆች እዚያ ጎን ለጎን ሲሰለፉ በዓይኔ አይቻለሁ። ዊሊ በ2012 አረፈ። ልጅህ አድጎ ይሆናልና፣ ያንን ሰው ታሪክ ብትነግረው ደስ ይለኛል።

ዝም ያልኩ

ስለ ዊሊ አላውቅም ነበር። ልጄ ዛሬ ሠላሳዎቹ ውስጥ ነው፣ መኪና ይወዳል። እነግረዋለሁ። አክብረህ ስለመለስክልኝ አመሰግናለሁ።

የአርብ ጾመኛ

ቶሉካ ሌክን ማንም ሳይጠራው ቀረ? ቦብስ ቢግ ቦይ ምግብ ቤት፣ ሪቨርሳይድ ድራይቭ ላይ! ሕንፃው በ1949 የተሠራ ነው፣ ንድፉ የዌይን ማክአሊስተር። አርብ ማታ የመኪና ማቆሚያው በሆት ሮድና በድሮ መኪና ይሞላል፤ መግቢያ ክፍያ የለ፣ ዳኛ የለ፣ ዋንጫ የለ። ሰው ከሥራ ወጥቶ መኪናውን ይዞ ይመጣል፣ ኮፈኑን ከፍቶ ይቆማል፣ በቃ።

አርብ መሆኑ ደግሞ ለእኛ የራሱ ነገር ነበረው። ቤቱ የታወቀው በባለ ሁለት ድርብ ሀምበርገሩ ነው። እኛ አራት አምስት ሆነን እንሄዳለን፣ አርብ ጾም ነው፤ ድንች ጥብስና ጥቁር ቡና አዘን እስከ እኩለ ሌሊት እንቆያለን። አስተናጋጇ ለምዳን “ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተት” ብላ ራሷ ትጽፍ ነበር። አንድ ምሽት አንድ ፍላትሄድ ቪ8 (ቫልቮቹ ቴስታታው ላይ ሳይሆን ብሎኩ ውስጥ ያሉበትን የድሮ የፎርድ ሞተር) የጫነ የ1934 ፎርድ ሞቆ ቆመ። የዚያ ሞተር ችግር የታወቀ ነው፤ የጭሱ መውጫ በሞተሩ ብሎክ ውስጥ ነው የሚያልፈው፣ የመሐለኞቹ ሁለት ሲሊንደሮችም አንድ መውጫ ይጋራሉ። ትራፊክ ውስጥ ከቆመ ይፈላል። ከኛ አንዱ ጎንደር–አዲስ አበባ ካሚዮን ይነዳ የነበረ ሰው ነበር። “ክዳኑን አትንካ፣ ሞተሩን አታጥፋ፣ ፊቱን ወደ ነፋስ አዙር” ብሎ በምልክት ነገረው። ሰውየው እንዳለው አደረገ፤ ሙቀቱ ቀስ ብሎ ወረደ። ከዚያ ወዲያ አርብ በመጣን ቁጥር ቦታ ይይዝልን ነበር።

ባትላሜራው

ስለ ዛሬው አንድ ነገር ልበል። ባለፈው አንድ ትልቅ ትርዒት ሄድኩ። መኪኖቹ ከድሮው ይበልጥ የተዋቡ ናቸው፣ ቀለማቸው መስታወት ነው። ባለቤቶቹን ሞተሩ ምን እንደሆነ ስጠይቅ ግን “ሾፑ ያውቃል” ነው መልሳቸው። አካሉ ፋይበር፣ ሻንሲው አዲስ፣ ሞተሩ ከሣጥን የወጣ። ላሜራ የነካ እጅ የለም። ለኔ ይህ የተገዛ ዕቃ ነው።

የቨርጂኒያ ወጣት

ጋሼ ባትላሜራው፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። የ1932 ፎርድ የፋብሪካ አካል ዛሬ ደመወዝተኛ የሚገዛው ነገር አይደለም። እኔና ጓደኛዬ ፋይበር አካል ገዝተን፣ ሻንሲውን ራሳችን በይደን፣ ከተጋጨ ካሚዮኔት ላይ የወሰድነውን ሸቭሮሌ 350 ሞተር ጫንንበት። ፍሬኑን ለመሥራት ክረምቱን ሙሉ ተማርን። ይህ ሆት ሮድ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

የፌርፋክስ ልጅ

እኔ በዚህ ከወጣቱ ጋር ነኝ። ሸቭሮሌ ሞተር ፎርድ ውስጥ መጫን ዛሬ የመጣ አይደለም፤ በ1955 ያ ትንሹ ቪ8 ከወጣ ጊዜ ጀምሮ የድሮዎቹ ራሳቸው ያደረጉት ነው። ቀላል ነው፣ ጉልበት አለው፣ በየአሮጌ ዕቃ ግቢው ሞልቷል። የ1930ዎቹ ልጆች ፎርድን የመረጡት ርካሽና በየቦታው ስለነበረ እንጂ ስለሚከበር አልነበረም። ዛሬ ርካሹ ፋይበር ከሆነ፣ ፋይበር ይሁን። የባትላሜራው ቅሬታ ግን ልክ ነው፤ ከትርዒቱ የጎደለው ብረት ሳይሆን የሚያስረዳ ባለቤት ነው። ቨርጂኒያዊው ወንድሜ፣ አንተ መኪናህ አጠገብ ቁምና አላፊ አግዳሚውን አስረዳ፤ በተለይ ዝም ብሎ ጎንበስ ብሎ የሚያየውን።

ሎስ አንጀለስ የምትመጡ ደግሞ፣ ሊትል ኢትዮጵያ ምሳ በልታችሁ ፌርፋክስን ይዛችሁ ወደ ሰሜን ሂዱ። ዊልሸር ጥግ ላይ የፒተርሰን የመኪና ሙዚየም አለ፣ በ1994 የተከፈተ። ያ መጽሔቱን በ1948 የጀመረው ሮበርት ፒተርሰን ነው ያቋቋመው። እኛ እንጀራ በምንበላበት መንገድ ላይ ይህ መኖሩን ብዙ ያገራችን ሰው አያውቅም።

ባትላሜራው

ልጄ የቨርጂኒያው፣ ራስህ በይደኸው ከሆነ ቃሌን ላንተ አልተናገርኩትም። የብየዳህን ፎቶ ላክልኝ፣ አይቼ እመክርሃለሁ።

የአባቱ ልጅ

ይህን ክር ዛሬ ነው ያገኘሁት። አባቴ ሳንሆዜ ነበር የሚኖረው፤ ፕሌዘንተን እየወሰደ ነው ያሳደገኝ። ባለፈው ዓመት ሲያርፍ ጋራዡ ውስጥ የ1950 ፎርድ ትቶልኛል፣ ፍላትሄድ ቪ8 ነው። ብዙ ዓመት አልተነሳም። አንድ ጎረቤት “ባትሪ ቀይረህ ሞክረው” አለኝ። እናንተ ምን ትላላችሁ?

የፌርፋክስ ልጅ

ነፍስ ይማር፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። እባክህ ሞተሪኖውን እንዳትነካ። ለብዙ ዓመት የቆመ ሞተር ውስጥ ሲሊንደሩ ደርቋል፣ ፒስተኑም ተጣብቆ ሊሆን ይችላል፤ በጉልበት ካዞርከው ይሰብራል። መጀመሪያ ካንዴላዎቹን ሁሉ አውጣ፣ የትኛው ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጣ ምልክት አድርግ። በየቀዳዳው ትንሽ ቀጭን ዘይት ጨምርና ጥቂት ቀን ተወው። ከዚያ በእጅህ፣ ከፊት ባለው ፑሌጃ በኩል፣ ቀስ ብለህ ለማዞር ሞክር። እምቢ ካለ ዘይት ጨምረህ እንደገና ጠብቅ።

የአውቶቡስ መካኒክ

የድሮውን ቤንዚን ከሰልባቲዮው አውጥተህ ጣል፤ ሸትቶ ሙጫ ሆኗል። የሞተር ዘይቱንም ሳትቀይር አታስነሳ። የውሃ ፓምፖቹን ተመልከት፤ ፍላትሄድ ሁለት ነው ያለው፣ በግራና በቀኝ። የፍሬን ቱቦዎቹንም አትርሳ፤ የሚነሳ መኪና መቆምም አለበት። እኔ ያለሁት ሄይዋርድ ነው፣ ለሳንሆዜ ቅርብ ነኝ። በግል መልዕክት ጻፍልኝ፣ ቅዳሜ መሣሪያዬን ይዤ እመጣለሁ።

የአባቱ ልጅ

ጽፌልዎታለሁ። ቅዳሜ ጠዋት እጠብቅዎታለሁ። ባትሪውን አልነካሁትም።

ባትላሜራው

ካንዴላዎቹን ስታወጡ በተራ አሰልፋችሁ ፎቶ አንሱና እዚህ ለጥፉልን። ጫፋቸው ቡናማ ከሆነ ሞተሩ በደንብ ሲነድ ነበር ማለት ነው፤ ዘይት የነካው ካለ የትኛው ሲሊንደር እንደደከመ እናውቃለን። የበሩን ሥርና የወለሉን ላሜራም በመብራት እያችሁ ጻፉልኝ።